ለአውስትራሊያ ዘመድ ጥየቃ ጥሪ ከመላካችሁ በፊት፦ ነገሩ ለምን እንዲህ ከበደ?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በአዲስ አበባና በሜልበርን መካከል ያሉ ብዙ ቤተሰቦችን በስልክ የሚያወያይ ነው።

በአውስትራሊያ ትልቁ የትምህርት ቤት እረፍት በእኛ አቆጣጠር ከታህሳስ ሁለተኛ ሳምንት አንስቶ እስከ ጥር ሶስተኛ ሳምንት ገደማ ይቆያል። እዚያ ወቅቱ በጋ ነው። ገናም ጥምቀትም በዚህ እረፍት ውስጥ ይውላሉ። ስለዚህ ወላጅን አስመጥቶ፣ በዓሉን ከልጅ ልጆች ጋር አሳልፎ፣ ውቅያኖሱን አሳይቶ መሸኘት ለብዙ ሰው ትልቅ ምኞት ነው። እቅዱን ብዙ ጊዜ የሚያጨናግፈው ግን ቪዛው ነው። ለምን? እስቲ ነገሩን ከስሩ እንየው።

ሁለት በር

አውስትራሊያ ለጎብኚ አንድ አይነት በር የላትም። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን ወይም የሲንጋፖር ፓስፖርት የያዘ ሰው በስልኩ አፕሊኬሽን 20 የአውስትራሊያ ዶላር ከፍሎ የመግቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። የአብዛኛው አውሮፓ አገር ዜጋ ደግሞ ያለምንም ክፍያ ያመለክታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚሄደው በሌላኛው በር ነው፤ ይኸውም 600 ቁጥር የተሰጠው የጎብኚ ቪዛ ነው። ክፍያው ወደ 200 የአውስትራሊያ ዶላር ሲሆን ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። ከዚያ በላይ የሚያስጨንቀው ግን አብሮት የሚጠየቀው የማስረጃ ክምር ነው።

ልዩነቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ዋሽንግተን ያለው ወንድም አሜሪካዊ ዜጋ ስለሆነ ሜልበርን ያለችውን እህቱን ለመጠየቅ ያን ያህል አይቸገርም። የሁለቱም እናት ግን አዲስ አበባ ተቀምጠው የባንክ ወረቀት ያሰባስባሉ። ልጆቻቸውን በአንድ ቤት የማየት እድላቸው የሚወሰነው በያዙት ፓስፖርት ቀለም ነው።

"ይመለሳሉ ወይ?"

የቪዛ ኦፊሰሩ የሚመልሰው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው በእውነት ለጊዜው ቆይቶ የሚመለስ ነው? ሕጉ ሶስት ነገሮችን እንዲያይ ያዘዋል። አመልካቹ ከዚህ በፊት የተሰጠውን ቪዛ ግዴታ አክብሯል ወይ? አሁንስ ለማክበር ያስባል ወይ? ሌላ ተያያዥ ጉዳይስ አለ ወይ? ይህ ሶስተኛው ሰፊ ነው። ሥራ፣ ንብረት፣ ቤተሰብ፣ የአገሩ ሁኔታ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለመሄድ ጠንካራ ምክንያት የሚሆነው የልጅና የልጅ ልጅ ፍቅር በሌላ ዓይን ሲታይ ላለመመለስም ምክንያት ይመስላል። ሶስት ልጆች አውስትራሊያ ያሏት እናት ለመጠየቅ ከማንም በላይ ምክንያት አላት። ግን "ታዲያ ወደ ማን ትመለሳለች?" የሚለው ጥርጣሬም በእሷ ላይ ይከብዳል።

ለእኛ ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው ነገር ግልጽ ነው፦ የራሱ ግቢ፣ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ እዚህ የቀሩት ልጆች፣ የጎረቤት ቡና። ለኦፊሰሩ ግን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር የለም ማለት ነው። ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ደብዳቤ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ማስረጃ፣ እዚህ የቀሩ የቤተሰብ አባላት ማስረጃ፣ ከዚህ በፊት ወደ ሌላ አገር ሄዶ የተመለሰበት የፓስፖርት ማህተም ካለ እሱም ዋጋ አላቸው።

የብሩ ነገር

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የቪዛ ፋይሎችም አብረው ተነክተዋል። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ።

በቁጥር እንየው። ባንክ ያለ 500 ሺህ ብር በ57 ሲመነዘር ወደ 8,800 ዶላር ይጠጋል። ያው ገንዘብ በ120 ብር ቢሰላ ከ4,200 ዶላር በታች ነው። አመልካቹ አንዲት ብር ሳያወጣ ቁጠባው በፈረንጅ ሂሳብ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። የትኬቱና የመድን ዋጋ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ አልወረደም።

አንዳንዱ ሰው ይህን ለመሙላት ከዘመድ ተበድሮ ሂሳቡ ውስጥ በአንዴ ብዙ ብር ያስገባል። ይሄ ብዙም አይጠቅምም፤ ይልቁንም "ከየት መጣ?" የሚል ጥያቄ ያስነሳል። የሚሻለው ወጪውን የሚሸፍነው አውስትራሊያ ያለው ልጅ መሆኑን በግልጽ ጽፎ የእሱን የደመወዝና የባንክ ማስረጃ ማያያዝ ነው። የወላጅን አቅም ከማጋነን እውነቱን በሥርዓት ማስረዳት ይሻላል።

ዋስትና ያለው መንገድ

በዚያው 600 ቪዛ ውስጥ በቤተሰብ ስፖንሰርነት የሚኬድበት ክፍልም አለ። እዚህ ላይ አውስትራሊያ ያለው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ዘመድ በይፋ ኃላፊነት ይወስዳል። መንግስትም የገንዘብ መያዣ ሊጠይቀው ይችላል፤ በአንድ ሰው ከ5,000 እስከ 15,000 የአውስትራሊያ ዶላር። እናትና አባት አብረው ከመጡ መያዣው ከ10,000 እስከ 30,000 ሊደርስ ነው። እንግዶቹ ግዴታቸውን አክብረው በጊዜው ከወጡ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ካላከበሩ ግን ሊወረስ ይችላል።

ከዚህ ቪዛ ጋር 8503 የሚባል ግዴታ አብሮ ይመጣል። ትርጉሙ በአጭሩ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሆኖ ሌላ ቪዛ ለመጠየቅ በሩ ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። ጥሪ የሚልክ ሰው ይህንን ለወላጆቹ ቀድሞ በደንብ ማስረዳት አለበት። "እዛ ስትደርሱ እናያለን" የሚል ተስፋ ሰጥቶ ሽማግሌ ሰው ማንገላታት ተገቢ አይደለም።

እምቢ ከተባለስ?

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልን። ብዙ ቤተሰብ ቪዛው ሲከለከል ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። አመልካቹ ሊጠይቅ የሚሄደው አውስትራሊያዊ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ወላጁን፣ የትዳር አጋሩን፣ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እህቱን ከሆነ ውሳኔው በገለልተኛ አካል እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ይህን የሚያየው በጥቅምት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ የጀመረው የአስተዳደር ጉዳዮች ይግባኝ ሰሚ ነው። ይግባኙን የሚያቀርበው ግን አዲስ አበባ ያለው አመልካች ሳይሆን አውስትራሊያ ያለው ዘመድ ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የዘመዱ ዝርዝር መረጃ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ መሞላት አለበት። አንዳንድ ሰው "ዘመድ እንዳለኝ ባልናገር ይሻለኛል፤ ቱሪስት ነኝ ልበል" ብሎ ያንን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ይሄ በሁለት በኩል ይጎዳል። አንደኛ፣ የይግባኝ መብቱን ያጣል። ሁለተኛ፣ እውነቱ ሲታወቅ መረጃ እንደደበቀ ይቆጠራል፤ ይህም ወደፊት የሚያቀርበውን ማመልከቻ ሁሉ ያጠቁራል።

ይግባኙ ርካሽ እንዳይመስላችሁ። ክፍያው ከ3,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው፤ ከተሳካ ግማሹ ይመለሳል። ጊዜውም ስለሚረዝም ያሰባችሁት በዓል ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ የጎደለውን ማስረጃ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይቀልላል።

የመንግስት ክርክርና የእኛ እይታ

ፍትሃዊ ለመሆን፣ የአውስትራሊያ መንግስትም የራሱ ምክንያት አለው። በጎብኚ ቪዛ ገብተው የሚቀሩ ወይም እዚያው ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። የማጣራት መብቱ የእሱ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም።

ግን ለወላጅ የተተወው ሌላ መንገድስ ምን ይመስላል? ለአረጋውያን ወላጆች የሚሰጠው ቋሚ ቪዛ ወረፋው ከ30 ዓመት በላይ ነው። የ70 ዓመት እናት 100 ዓመት ሲሞላት ትጠራለች ማለት ነው። በ2023 ይፋ የሆነው በማርቲን ፓርኪንሰን የተመራው የስደት ሥርዓት ግምገማ ራሱ፣ ላይመጣ ለሚችል ቪዛ ሰውን ማሰለፍ ጭካኔ እንደሚመስል ጠቅሷል። ከ2019 ጀምሮ ያለው የወላጆች ጊዜያዊ ቪዛ ደግሞ ለሶስት ዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ፣ ለአምስት ዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ጠሪው ቤተሰብም በዓመት ከ83 ሺህ ዶላር በላይ ገቢ ማሳየት አለበት።

እንግዲህ ቋሚው በር ሲዘጋ፣ ጊዜያዊው ሲወደድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጎብኚ ቪዛ ይጎርፋል። ኦፊሰሩም ጎርፉን አይቶ ይበልጥ ይጠራጠራል። ችግሩን በከፊል የፈጠረው ራሱ ሥርዓቱ ነው ባዮች ነን።

መፍትሄው ደግሞ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አውስትራሊያ ለቻይናና ለአንዳንድ የደቡብ ምስራቅ እስያ አገሮች ዜጎች እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል፣ ደጋግመው የሚገቡበት የጎብኚ ቪዛ አላት። አንድ ጊዜ ሄዳ በቀኗ የተመለሰች የአውስትራሊያዊ ዜጋ እናት ተመሳሳይ እድል የማታገኝበት ምክንያት አይታየንም። መመለሷን በተግባር አሳይታለች። ሰው በቀላሉ ተመልሶ መሄድ እንደሚችል ካወቀ "አንዴ ከገባሁ አልወጣም" የሚለው ሐሳብም ይቀንሳል። የአውስትራሊያ ዜግነት ያላቸው ወገኖቻችን ድምፅ ሰጪዎች ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ለየአካባቢያቸው የፓርላማ ተወካይ ማቅረብ ይችላሉ።

ቪዛው ከተገኘ በኋላ

ቪዛው እጅ ሲገባም የሚታሰብ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ሜልበርን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ መደበኛ በረራ ስለሌለው በዱባይ፣ በዶሃ፣ በሲንጋፖር ወይም በባንኮክ መቀየር ግድ ነው። ለብቻቸው ለሚጓዙ አረጋውያን ኤርፖርት ላይ የዊልቸር አገልግሎት ትኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቅላቸው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ተጓዥ ይጠየቃል።

ሻንጣው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ቋንጣና የአገር ቤት ቅቤ ይዞ መግባት አይቻልም። ምክንያቱ የእንስሳት በሽታ ስጋት ነው፤ ኢትዮጵያ የአፍና እግር በሽታ የሌለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ እህልና ከእንጨት የተሰራ ስጦታ ከያዙ አውሮፕላን ላይ በሚሞላው ካርድ "አዎ፣ ይዣለሁ" ብለው ማሳወቅ አለባቸው። አሳውቆ የሚወረስበት ሰው ቢበዛ ዕቃውን ያጣል። ደብቆ የተያዘ ግን ከ6,000 ዶላር በላይ ሊቀጣ፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ የጎብኚ ቪዛው እዚያው ኤርፖርት ሊሰረዝ ይችላል። እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች ካርዱ ላይ ምን እንደሚሞላ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ጉብኝቱን በተመለከተ፣ ከልምድ የሚነገረው ምክር "አታብዙባቸው" የሚል ነው። በበጋ የሰዓቱ ልዩነት ስምንት ሰዓት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእረፍት ይሁኑ። ፉትስክሬይ ወስዳችሁ የአበሻ ሱቁንና ምግብ ቤቱን ብታሳዩዋቸው ልጃቸው ባዕድ አገር ብቻውን እንዳልወደቀ ያያሉ።

ከዚያ የታላቁ ውቅያኖስ መንገድ አለ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 ድረስ ለሞቱ ጓዶቻቸው መታሰቢያ የሰሩት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው። እዚያ "አስራ ሁለቱ ሐዋርያት" የሚባሉ ከባሕር ውስጥ የቆሙ ዓለቶች አሉ። አስራ ሁለት ሆነው አያውቁም፤ አንዱም በ2005 ተደርምሷል። ስሙን ሲሰሙ ቆጥረው "የቀሩት የታሉ?" የሚሉ እናቶች እንደሚኖሩ አንጠራጠርም። የባሕር ዳሩ መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ወገብና ጉልበት ለሚያማቸው በመሃል አገሩ መንገድ መሄድ ይሻላል። በፊሊፕ ደሴት ፔንጉዊኖቹ ከባሕር የሚወጡት ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ በበጋ ይሄ ከምሽቱ ሶስት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። ሲድኒ በመኪና 880 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለሽማግሌ ሰው በአውሮፕላን ይመረጣል።

ለማጠቃለል፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንደሚባለው፣ ለገና ያሰበ ሰው ወረቀቱን ከክረምቱ ጀምሮ ያዘጋጅ። እውነቱን ይጻፍ፣ ዘመዱን አይደብቅ፣ ግዴታዎቹን ለወላጆቹ ያስረዳ። የሄዱት ደግሞ በቀናቸው ይመለሱ። የአንዷ እናት በጊዜ መመለስ እሷ በሚቀጥለው ጊዜ ስታመለክት የምታሳየው ዋናው ማስረጃ ነው።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ለሌላው የሚጠቅመውን አካፍሉን። ጥሪ ለመላክ ለሚያስብ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት። ቸር ያሰማን!