ባዶ ያልነበረው ምድር

ከባሕር ወለል በላይ በ1,609 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ዴንቨር፣ የአሜሪካዋ የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ፣ እንግዳን የምትማርከው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በረዶ የለበሰው የሮኪ ተራራ ነው። ሁለተኛው፣ ወርቅ ፈላጊዎችና ከብት ነጂዎች ማንም ባልሰፈረበት ጠረፍ ላይ በወኔያቸው ብቻ ከተማ ቆረቆሩ የሚለው አፈ ታሪክ ነው። ተራራው እውነት ነው፤ አፈ ታሪኩ ግን ቅጥፈት ነው።

ለመሆኑ ምድሩ የማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1851 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል፣ አገሩ የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች መሆኑን የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አምኗል። በ1858 የወርቅ ወሬ ሲነፍስ ውሉ ተረሳ፤ ከተማይቱም በሰው ርስት ላይ ተቆረቆረች። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን የመራው ጦር፣ የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅለው በሳንድ ክሪክ ወንዝ ዳር በሰላም በሰፈሩት ላይ ዘመተ። ከ200 በላይ ሰዎች ተፈጁ፤ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ጦሩ ዴንቨር ሲገባ በደስታ ተቀበሉት፤ ከሙታን የተገፈፈው የራስ ቆዳም በቲያትር ቤት ለተመልካች ታየ።

የኪነ ጥበብ ሰው ሊዘነጋው የማይገባው ይህንን ነው። የእውነት አደባባይ መሆን የሚገባው መድረክ የገዳይ መፎከሪያ ሆነ። ሐውልትም ከዚህ ነውር አላመለጠም፤ በምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት በ1909 የቆመው የወታደር ሐውልት፣ በ2020 እስከ ተገነደሰበት ቀን ድረስ ሳንድ ክሪክን ከጦርነቶች ተርታ መዝግቦ ቆይቷል። በአንጻሩ ወታደሮቹ እንዳይተኩሱ ያዘዘውና ለመርማሪዎች የመሰከረው ካፒቴን ሲላስ ሶል፣ በ1865 እዚያው ዴንቨር ውስጥ ተገደለ።

የቆየ ቁስል መነካካት ለከተማይቱ ገበያ አይበጅም የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አራፓሆ የሚለውን ስም በመሀል ከተማ ጎዳና ላይ ለጥፎ፣ የስሙን ባለቤት ከታሪክ መፋቅ ምን ዓይነት ክብር ነው?

በእልቂቱ ዘመን አገረ ገዥ በነበረው በጆን ኤቫንስ ይጠራ የነበረው፣ ከዴንቨር ሆኖ የሚታየው ተራራ፣ በ2023 «ማውንት ብሉ ስካይ» ተብሏል። የተራራ ስም ከታረመ የከተማም ታሪክ ይታረማል። የእውነተኛ ጠረፍ ታሪክ የሚጀምረው ማን መጣ በሚለው ሳይሆን፣ ማን ነበረ በሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ደራሲም ሆነ ቀራፂ የውበት ሳይሆን የዝርፊያ ምስክር ነው።