በአማካይ የሚፈረድበት ተማሪ

የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ስለ ራሱ ከሚናገራቸው መልካም ነገሮች አንዱ ሁለተኛ ዕድልን አለመንፈጉ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጀመረ ተማሪ ክሬዲቱን ይዞ ወደ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሩ በሰፊው የተከፈተው ከመጀመሪያውም ላልተሰናከለው ነው። ወድቆ የተነሣው ተማሪ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው አንድ ቁጥር አለ፤ አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ። ተማሪዎቻቸውን አጥብቀው የሚመርጡ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ቁጥር የጥራት ዘበኛ አድርገውታል። እኔ ግን እንደ መለኪያ ደካማ፣ እንደ ፍርድም ኢፍትሐዊ ነው እላለሁ።

ስሌቱን እንመልከት። አንዲት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 30 ክሬዲት ወስዳ አማካይ ውጤቷ 1.5 ሆነ እንበል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ 30 ክሬዲት ወስዳ በሁሉም «ኤ» አገኘች። ከዚህ የተሻለ ማድረግ ለማንም አይቻልም። አጠቃላይ አማካይዋ ግን 2.75 ብቻ ነው። 3.4 ወደሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብትፈልግ፣ ከውድቀቷ በኋላ አንድም «ቢ» ሳይገባባት በጠቅላላው 95 ክሬዲት በ«ኤ» ማጠናቀቅ ይኖርባታል። ከመጀመሪያው 30 ጋር 125 ይሆናል። የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ120 ክሬዲት ያልቃል። ለመዛወር ብቁ የምትሆነው ልትዛወርለት የፈለገችው ትምህርት ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው።

አማካይ የተማሪዋን የትናንትናና የዛሬ ውጤት እኩል ይመዝናል። በሌላ መስክ እንዲህ ያለ ትንበያ ማንም አይቀበልም። የመጪውን ዓመት የዋጋ ንረት የሚገምት ባለሙያ የአምስት ዓመት አኃዞችን ደምሮ ለአምስት ቢያካፍልና አቅጣጫውን ቸል ቢል ሥራውን አያውቅም እንላለን። የተማሪም ጥያቄ ይኸው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሊያውቅ የሚገባው ከዚህ በኋላ ምን ልትሠራ እንደምትችል እንጂ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ምን እንደ ገጠማት ብቻ አይደለም።

የባሰው ነገር ይህ ቁጥር ችሎታን ብቻ አለመለካቱ ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ታመሙ እንበል። የአንደኛው ወላጆች ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ አማካሪ ጠርተው፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ከኮርሶቹ በይፋ እንዲወጣ ያደርጉታል። በትራንስክሪፕቱ ላይ «ደብልዩ» ይጻፍለታል፤ ከአማካይ ውጤቱ የሚቀነስ ነገር የለም። ሁለተኛው ግን በዝምታ ከክፍል ይቀራል። «ኤፍ» ይሰጠዋል፤ «ኤፍ» ዜሮ ሆኖ ይደመርበታል። ሕመማቸው አንድ ነው፤ የተለያየው ቅጽ መሙላታቸውና አለመሙላታቸው ነው። ቀን ተምሮ ሌሊት የሚሠራ፣ ወላጆቹ የዚህን አገር የትምህርት ደንብ የማያውቁ የስደተኛ ልጅ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሆን አንባቢ አያጣውም።

ለዚህ ሁለት መከራከሪያዎች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማመልከቻን ከነሙሉ ገጽታው ስለሚያዩ ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም የሚል ነው። ግን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ካምፓሶች ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጡት የዝውውር ዋስትና እንኳ የአማካይ ውጤት ወለል አለው። ሙሉ ገጽታ እናያለን የሚሉት የግል ተቋማት ደግሞ ለመሻሻል ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ በቁጥር አያሳውቁም። ያልተገለጠን መመዘኛ ማንም ሊሞግተው አይችልም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጥራት ይወርዳል የሚል ነው። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን በ2019 ያወጣው ጥናት፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ መራጭ ዩኒቨርሲቲዎች የተዛወሩ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ከገቡት ባላነሰ መጠን እንደሚመረቁ አሳይቷል። በእርግጥ እነዚህ ተጣርተው የገቡ ናቸው፤ ስለ ወደቁት ብቻ የሚናገር ማስረጃ አይደለም። ቢሆንም በዝውውር መምጣት ራሱ የድክመት ምልክት ነው የሚለውን ግምት ያፈርሳል። ፕሪንስተን ከ1990 ጀምሮ የዝውውር ተማሪዎችን መቀበል አቁሞ እስከ 2018 ቆየ፤ በሩን መልሶ ሲከፍት ያስቀደመው የቀድሞ ወታደሮችን፣ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆችንና የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችን ነበር። የኮሎምቢያ «ጄኔራል ስተዲስ» እና የዬል «ኢላይ ዊትኒ» ፕሮግራሞች ትምህርታቸውን ላቋረጡ የተሰናዱ ናቸው። የመጀመሪያው ቢያንስ የአንድ፣ ሁለተኛው የአምስት ዓመት ማቋረጥን ይጠይቃሉ። ተቋማቱ ሲፈልጉ መንገድ ማበጀት እንደሚችሉ ይህ ይመሰክራል። ዓምና ወድቃ ዘንድሮ ለተነሣች የሃያ ዓመት ወጣት ግን እነዚህ መንገዶች አይሆኗትም።

«ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ባይገኝስ ምን ይቀርባታል?» የሚል አይጠፋም። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ ተመሳሳይ ችሎታ ላላቸው አብዛኞቹ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲው መራጭነት በኋላ ገቢያቸው ላይ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ አሳዩ። ነገር ግን ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ያመጣል። ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን በ2023 እንዳሳዩት ደግሞ፣ የመግቢያ ፈተና ውጤታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ከሀብታሞቹ አንድ በመቶ የሚወለዱ ልጆች ወደ እነዚህ ተቋማት የመግባት ዕድላቸው ከመካከለኛው መደብ ልጆች ከእጥፍ በላይ ነው። ሁለቱን አብረን ስናነብ፣ በሩ ይበልጥ የሚጠቅመው በይበልጥ ለተዘጋበት መሆኑን እንረዳለን።

እስካሁን ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተናገርሁ። የእኛም ቤት ግን ከወቀሳ አያመልጥም። በማኅበረሰባችን የልጅ ውጤት መበላሸት እንደ ቤተሰብ ገመና ይሸፈናል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የተሰናከለው ልጅ ከመመከር ይልቅ ከዘመድ ልጅ ጋር ይነጻጸራል። ከዚህ ኀፍረት የሚወለደው ምክር «የቀድሞውን ኮሌጅ አትጥቀሺው፣ እንደ አዲስ አመልክቺ» የሚል ነው። ምክሩ አደገኛ ነው። ማመልከቻዎቹ የተማሩበትን ኮሌጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ፤ በአገር አቀፍ የምዝገባ መረጃ ቋት አማካይነትም የተደበቀው ሊገኝ ይችላል። ሲገኝ ቅበላው ይሰረዛል። የተብራራ ውድቀት የሕይወት ታሪክ ነው፤ የተደበቀ ውድቀት ማጭበርበር ይሆናል። ሕጋዊ መውጫዎች ግን አሉ። የቴክሳስ ሕግ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው የኮሌጅ ውጤት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ እንዳይቆጠርበት ለሚጠይቅ የግዛቱ ነዋሪ ይፈቅዳል። የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም በኋላ የተሻሻለ ተማሪ የቀድሞ ደካማ ውጤቱ ከአማካዩ እንዲወጣለት የሚጠይቅበት ደንብ አላቸው። ልጆቻችን እነዚህን ከእኛ መስማት ነበረባቸው።

ከዩኒቨርሲቲዎቹ የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ከመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች የተገኘውን ውጤት ለብቻው ይመዝኑ፤ ኮርሶቹ ከባድ እንዲሆኑ ቢጠይቁም ተገቢ ነው። ለመሻሻል የሚሰጡትን ክብደት በይፋ ያሳውቁ። ኮሌጆችም በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር የተተወን ሴሚስተር ማስረጃ ላቀረበ ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሰው በ«ደብልዩ» ይተኩለት። ከእነዚህ ተቋማት የተመረቃችሁ፣ በምሩቃን ማኅበራት የምትሳተፉ፣ በየዓመቱም ገንዘብ የምትለግሱ አንባቢዎች ብዙ ናችሁ። የልገሳ ጥያቄው ዘንድሮ ሲደርሳችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ላኩ፦ ወድቆ የተነሣ ተማሪ እናንተ ዘንድ የሚመዘነው በየትኛው ዓመቱ ነው?