«ምብዋ ካሊ» ከበር ሲወጣ

በዌስትላንድስ የውስጥ መንገዶች፣ በራፕታ ሮድም ሆነ በጄኔራል ማቴንጌ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው በየበሩ «ምብዋ ካሊ» የሚል ጽሑፍ ያያል። እኛ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የምንለው መሆኑ ነው። ግቢ ተከራይተን የምንኖር ሐበሾችም ለጥፈነዋል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቀኑን ኢስሊ ሱቅ ላይ እንውላለን፤ ዕቃ ሲደርስ ወደ ሞያሌ እንሄዳለን፤ ቤት የሚቀሩት ልጆችና እናቶች ናቸው። ስለዚህ ውሻ እናሳድጋለን። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ክርክራችን «ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ቀን ይታሰር፣ ማታ ይፈታ» ከሚለው የቆየ ምክር ጋር ነው። ምክሩ ከአገር ቤት ሰፊ ግቢ የመጣ ነው። እዚህ ግቢው ጠባብ ነው፤ ከጎን አፓርታማ አለ፤ በሩ በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሌባና እንግዳ አይለይም፤ ለእሱ ሁሉም ሌባ ነው። ፒካፑ ጭነት ይዞ ሲገባ በሩ ሰፋ ብሎ የተከፈተ ቀን ሾልኮ ይወጣና መጀመሪያ ያገኘውን ይነክሳል። መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ሌባ ሳይሆን ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ወይም ምግብ ያደረሰ የቦዳ ቦዳ ልጅ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። መጮኹስ መልካም፤ ግን በሁሉም ላይ ከጮኸ ሌሊት ማን ተነስቶ ያየዋል? በየቀኑ ከበር ወጥቶ የሚሄድ ውሻ የጎረቤቱን አስካሪ፣ የአትክልት ሻጯን፣ የሞተሩን ድምፅ ይለምዳል። እሱ ሲጮኽ እንግዳ ነገር መጥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይውጣ ነው የምንለው። ናይሮቢ ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣውም የምትገባውም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጠዋት ከዚያ በኋላ፣ ማታ ከዚያ በፊት። (ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ከአስካሪው ጋር በቀጠሮ አንጣላም።) ቀትር ላይ ግን አይሞከርም። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጋችሁ መታገሥ ካቃታችሁ የውሻውም እግር አይችለውም።

ማን ያውጣው የሚለው ነገር ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን፤ ሰው የማይነጋገርበት ጉዳይ ነውና። በብዙ ቤት ውሻውን ይዞ የሚወጣው ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ያደረ፣ ወደ ቤቱ ማታቱ ሊሳፈር የቸኮለ ሰው ነው። ካልሆነም አርባ ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሚጎትታት፣ ውሻውን የምትፈራ የቤት ሠራተኛ ናት። ይህ ለሰውም ለውሻም አይሆንም። ሥራው ሥራ ከሆነ ሒሳብ ይኑረው፤ ከደመወዙ ውጭ ለብቻው ይከፈል። ሠራተኛው ውሻውን ባለቤቱ ባለበት ለጥቂት ሳምንታት ይልመደው፤ ቢነከስ ማን እንደሚያሳክመው አስቀድሞ ይነገረው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ ቢወጣ ነው። ቀኑን ሱቅ ላይ ተቀምጠን ለምንውል ሰዎች ግማሽ ሰዓት መራመድ ስኳሩንም ደም ግፊቱንም ይረዳል። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትልቅ ውሻ ብቻውን ይዞ እንዲወጣ እኛ አንፈቅድም።

ስለ መንገዱ። ኬንያ ውስጥ መኪና ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው መንገድ ሲሻገር ዓይኑ የሚሄደው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ነው፤ ውሻ እየጎተተው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት የመንገዱን ቀኝ ይዛችሁ መኪናው ፊት ለፊት እንዲመጣባችሁ ሂዱ፤ ውሻው በቀኝ እጃችሁ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ይሁን። ዋይያኪ ዌይን ወደ ጎን ትታችሁ የውስጥ ለውስጡን ያዙ። ቦዳ ቦዳ ከየትም እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ በአንድ እጁ ውሻ፣ በሌላው ስልክ የያዘ ሰው ለነጣቂ የተመቸ ነው።

የብረት ሰንሰለቱን ለጓሮ ተዉትና ሁለት ሜትር የማይሞላ ጠንካራ ገመድ ግዙ። የሚጎትት ውሻ ከሆነ አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በመጠጥ ቤቶቹ በኩል ስታልፉ ዓይናችሁ መሬት ላይ ይሁን፤ የኛማ ቾማ አጥንት ይጣላል፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። በዝናቡ ወራት ከቤት ስትደርሱ ጆሮውንና በጣቶቹ መካከል ዳብሱት፤ መዥገር እዚህ ብዙ ውሻ ይገድላል። ባለቤት የሌለው ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቆማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት አገር ቤት የማይገባው ውሻ የለም፤ እዚህም ይሠራል፤ ጎረቤት ግን ሊቀየማችሁ ይችላል።

ጎረቤት ካነሳን፣ በፓርክላንድስና በዌስትላንድስ ብዙ ሙስሊም ይኖራል፤ ከእኛም ነጋዴዎች መካከል ሙስሊም ብዙ ነው። ለብዙዎቹ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ገመዱን አሳጥራችሁ ሌላውን ጠርዝ ያዙ። ማንም ሳይጠይቃችሁ አድርጉት። ኩሱንም በላስቲክ ማንሳት ነውር አይደለም፤ ትቶ መሄድ ነው ነውሩ።

ሰፊ ቦታ ለሚፈልግ ካሩራ ደን ቅርብ ነው፤ በሊሙሩ ሮድ በኩል መግቢያ አለው። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነው ይህ ደን ዛሬ የቆመው ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 መሬቱ ለግለሰቦች እንዳይከፋፈል ስለታገሉ ነው፤ በጥር 1999 እዚያው በር ላይ ተደብድባ ጭንቅላቷ ደምቷል። ዛሬ እዚያ ውሻ የሚገባው ታስሮ ብቻ ነው፤ ጦጣውና ድኩላው ውስጥ ለቅቆ መሄድ ክልክል ነው። የመግቢያ ዋጋ ለነዋሪና ለውጭ ሰው ስለሚለያይ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ።

ያለ ክትባት ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ለአንድ ጭነት ምን ያህል ወረቀት ሞያሌ ላይ እንደምናስቆጥር ሁላችን እናውቃለን፤ የውሻውን የክትባት ካርድ ሲጠየቅ የሚያወጣ ግን ስንት ነው? የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓለም በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ከ100 ውስጥ 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በውሻ ሰበብ የሚመጣውን ሞት ለማስቀረት ዕቅድ ይዛለች። የናይሮቢ ካውንቲም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ ውሻ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዋጋው አንድ ጊዜ ወደ ሞያሌ ለመሄድ ከምናወጣው ጋር አይወዳደርም።

ሰው ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ቡና ወይም በርበሬ አትነስንሱበት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ግን መርፌውን ወስዶ። የሰው ክትባት በአንድ ቀን አያልቅም፤ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ይሰጣል። ለእኛ ለነጋዴዎች አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቁስሉ ይደርቃል፣ ጭነት ይመጣል፣ ሰውየው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ሦስተኛው መርፌ ይቀራል። በሽታው ግን ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ይቆያል። የተነከሰ ሰው መርፌውን ሳይጨርስ ጉዞ አይያዝ፤ ዕቃውን ሌላ ሰው ይቀበለው።