ሽንት ይመርመር ለሚሉ ወገኖች



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ብዙ ያነጋገረን ጉዳይ ነበረ። ለሌሊት ጥበቃና ለመኪና ማቆሚያ ሥራ በማኅበራችን በኩል የሚመዘገብ ወጣት ሁሉ ከሐሺሽ ነፃ መሆኑን በሽንት ምርመራ ያረጋግጥ፣ የተገኘበት ከመዝገብ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ሰው እጁን አውጥቶ ደግፎታል። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ፣ ከዚያ በፊት ያለንን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመግለጽ እንወዳለን።

ሐሳቡን ያቀረቡት ወገኖች ሥጋታቸው እውነተኛ ነው። ከሠፈራችን በላይ ባለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲመሽ ምን እንደሚጨስ ሁላችንም እናውቃለን። ጋንጃ ተባለ ካናቢስ ያው ሐሺሽ ነው። ማምረቱም፣ መሸጡም፣ መጠቀሙም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወጣቶችም ተሳስተዋል። ጢሱ እንደ ሲጋራ ሳንባን ይጎዳል። የማስታወስ ችሎታን ያደክማል። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን ስለማያቆም፣ በ14 በ15 ዓመቱ የጀመረ ልጅ የበለጠ ይጎዳል። በስዊድን አገር ለውትድርና የተመለመሉ ከ45 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶችን ሐኪሞች ለ15 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ሐሺሽ ያጨሱት ካላጨሱት ይልቅ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በእርግጥ ከአጫሾቹ አብዛኞቹ አልታመሙም። ግን የትኛው ልጅ እንደሚታመም አስቀድሞ የሚነግረን የለም።

እንግዲህ ጉዳቱን ካመንን ምርመራውን ለምን አንደግፍም?

አንደኛ፣ የሽንት ምርመራ የሚናገረው ሰውየው አጭሶ እንደነበር ነው እንጂ አሁን መደንዘዙን ወይም መታመሙን አይደለም። አልኮል በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ትራፊክ ፖሊስም በትንፋሽ ይለካዋል። የሐሺሽ ቅመም ግን በሰውነት ስብ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን የሞከረ ልጅ ሦስት አራት ቀን ይታይበታል፤ በየቀኑ ሲያጨስ የኖረ ደግሞ ካቆመ ከወር በኋላ እንኳ ሊታይበት ይችላል። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት በእናቱ ልመና ያቆመውን ልጅ እንሰርዛለን፤ ትናንት አረቄ ሲጠጣ ያደረውን ደግሞ እንቀጥራለን ማለት ነው።

የስፖርት ሰዎችም ይህን ተረድተውታል። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ላይ የምናያቸው ሯጮች የሚዳኙበትን ደንብ የሚያወጣው የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ድርጅት ካናቢስን በውድድር ጊዜ ይከለክላል። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሻካሪ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ምክንያት ለአንድ ወር ታግዳ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀርታለች። ሆኖም ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋት የሚባለውን መጠን ከ15 ወደ 150 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ አድርጓል። ምክንያቱም ቀደም ብሎ የተጨሰውን በውድድር ቀን ከተጨሰው ለመለየት ነው። ትልቅ ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኛ ከፋርማሲ በተገዛ ወረቀት የሰው እንጀራ ልንቆርጥ ነው ወይ? ወረቀቱ ራሱ ሊሳሳት ይችላል፤ በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የሐሺሽ መመርመሪያ ሌላውን አያይም። ማስቲሽ የሚስበውን ልጅ፣ ቤንዚን የሚያሸተውን፣ ጫት ቅሞ አረቄ የሚጨልጠውን ሁሉ «ነፃ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ምርመራው ቤተሰብን ያስፈራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዛሬም ቢሆን ልጃችን ብቻውን ማውራት ሲጀምር፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ «ሰዎች ይከታተሉኛል» ሲል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በር ዘግተን እንቀመጣለን። ኧረ በሰንሰለት የሚያስርም አለ። በዚህ ላይ የእንጀራ ማጣት ፍርሃት ከተጨመረበት ማን እናት አፏን አውጥታ ትናገራለች?

ስለዚህ በምርመራው ፈንታ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1. ጥበቃም ሆነ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ በሥራው ይመዘን። በተራው ሰክሮ ወይም ደንዝዞ የተገኘ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ ከደገመው ይሰናበት። ሐሺሽም ይሁን አረቄ ሕጉ አንድ ይሁን።

2. ከላይ የጠቀስናቸው ምልክቶች የታዩበት ልጅ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከዚያ እንደ ሁኔታው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይመሩታል። ጠበል መውሰዱን የሚከለክል የለም፤ ጠበሉም ሐኪሙም ጎን ለጎን ይሂድ። ማጨስ ያቆመ ልጅ ደግሞ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይነጫነጫል፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ይለዋል። ይህ የሚያልፍ ነገር ስለሆነ ወላጆች በስድብ ሳይሆን በትዕግሥት ይያዙት።

3. ሻጩ ግን ሌላ ነው። ለልጆቻችን የሚሸጥ ሰው ጎረቤትም ቢሆን፣ የዕድር አባልም ቢሆን በይሉኝታ አይታለፍ። ለፖሊስ ይነገር።

እናቶችና አባቶች፣ ከመዝገብ የምንሰርዘው ልጅ ከሠፈር አይጠፋም። ሥራ ፈትቶ ያው ባሕር ዛፍ ሥር ነው የሚውለው። በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አስቡበት እንላለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት