የዕዳ ሸክምና የመራጩ ዝምታ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በረጅም ሰልፍ ቆሞ ድምፁን የሰጠ መራጭ፣ ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በተያዘው በዚህ በ2018 ዓ.ም. ስለ ምርጫ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። በስድስተኛው ምርጫ ለመምረጥ የተመዘገበው ሕዝብ ከ36 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዛሬ ግን በየሰንበቴውና በየእድሩ የሚነሣው ወሬ የእጩዎች ስም ሳይሆን የጤፍ ዋጋ፣ የቤት ኪራይና ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ነው። «ብመርጥም ባልመርጥም ኑሮው ያው ነው» የሚለው አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። ይህ ተስፋ መቁረጥ ከየት መጣ? መፍትሔውስ ዝምታ ነውን?

ነገሩን ከዕዳው እንጀምር። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት አገራችን ለባቡር ሐዲድ፣ ለመንገድ፣ ለኃይል ማመንጫና ለስኳር ፋብሪካዎች ከውጭም ከአገር ውስጥም ብዙ ተበድራለች። ከተበደረችበት ሥራ ከፊሉ ፍሬ አፍርቷል፤ ከፊሉ ደግሞ፣ በተለይ የስኳሩ ዘርፍ፣ የታሰበውን ገቢ ሳያስገኝ ዕዳው ብቻ ቀርቷል። በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ገበያ ለተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሊከፈል ይገባ የነበረው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት ይህን ያደረገው አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ መሆኑን ገልጿል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወሰዱትን ብድር ለማቃለል የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ተወሰነ። ይህ ማለት ድርጅቶቹ መክፈል ያልቻሉት ዕዳ ወደ ግብር ከፋዩ ትከሻ ተሻገረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የብር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። ከውሳኔው በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ 2017 ዓ.ም. ሲጠናቀቅም ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የሚገዛው ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ተወደደ። ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ከውጭ የሚመጣ ዘቢብ እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

መንግሥት የዋጋ ንረቱ መቀነሱን ይናገራል፤ አኃዙም ይህንኑ ያሳያል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ዓመታዊ ንረት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ነገር ግን ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የጭማሪው ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። 100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ ሁለት ዓመት በተከታታይ 30 በመቶ ቢጨምር 169 ብር ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት 14 በመቶ ብቻ ቢጨምር ደግሞ ወደ 193 ብር ይደርሳል። መግለጫው «ንረቱ በግማሽ ወረደ» ሲል እናት በገበያ የምታየው ግን ዋጋው ወደ እጥፍ መቃረቡን ነው። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ይሁን እንጂ መግለጫው ይህን ልዩነት ካላብራራ፣ ሰሚው እንደ ተታለለ ይቈጥረዋል።

ሦስተኛው ግብር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ እስከ 600 ብር የወር ደመወዝን ከግብር ነፃ ሲያደርግ፣ ከፍተኛውን የ35 በመቶ ግብር የጣለው ከ10,900 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ዐዋጅ ነፃው ጣሪያ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ ደግሞ 14,000 ብር ሆነ። በብር ሲታይ ይህ ቅናሽ ነው፤ ለአነስተኛ ደመወዝተኛም በእርግጥ እፎይታ ሰጥቷል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለ ነበረ 600 ብር ወደ 27 ዶላር ይመነዘር ነበር፤ የዛሬው 2,000 ብር 16 ዶላር አይሞላም። 35 በመቶው ይጀምርበት የነበረው ገቢም ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ አሁን ግን 110 ዶላር አይሞላም። በምንዛሪ ስንመዝነው፣ ለባለጠጋ የታሰበው የግብር እርከን ቁልቁል ወርዶ መምህሩንና ነርሷን አገኛቸው። ለዚህም የብር መዳከም ብቻውን በቂ ነበር።

በቅርቡ የተጨመረውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እንመልከት። 11,500 ብር የሚከፈለው አዲስ ተመራቂ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ተቀንሶለት በእጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከዚህም ላይ በሚገዛቸው ብዙ ዕቃዎች 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። የቀረችው ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርትና ወላጆችን ለመጦር ትከፋፈላለች።

ፍትሐዊ ለመሆን የመንግሥትንም ምክንያት ማየት ይገባል። የኢትዮጵያ የግብር ገቢ ከኢኮኖሚው አንጻር በአፍሪካ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ያለ ግብር አይቆሙም፤ የተበደረም መክፈል አለበት። የምንዛሪው ለውጥም ቢሆን በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረውን ሰፊ ልዩነት ያጠበበ፣ ላኪውንም የጠቀመ ነው። ስለዚህ የመራጩ ቅሬታ ግብር ለምን ተጠየቅሁ የሚል ብቻ አይደለም። ብድሩ ሲወሰድ አልተማከረም፤ የብር ዋጋ ሲለወጥ በማለዳ ከዜና ሰማ፤ ክፍያው ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ተጠሪ ሆነ። ድምፁ የማይደርስበት ቦታ የተወሰነውን በእንጀራው ይከፍላል። የተስፋ መቁረጡ ሥር ይህ ነው።

ይህ ጩኸት አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 እንደ ተመለከተው ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን ለእህል አስይዞ፣ ለንጉሥ ግብር ደግሞ ገንዘብ ተበድሮ ልጆቹን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ነህምያ አቤቱታውን ሰምቶ ተቆጣ፤ ታላላቆቹን በጉባኤ ፊት ወቀሰ፤ የተያዘው እንዲመለስም አደረገ። እርሱ ራሱ በአገረ ገዥነቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልወሰደም፤ ሸክሙ ከብዶ አይቶ ነበርና። ልብ እንበል፤ ነህምያ የሰማው ሕዝቡ ስለ ጮኸ ነው። ገዥው እንዲሰማ፣ ሕዝቡም እንዲናገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምእመናን እንደ ዜጋ ከዝምታ ይልቅ ጥያቄ ይዘን ብንቀርብ ይሻላል። ድምፃችንን ለሚሻ እጩ ሁሉ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የግብር እርከኑ ዐሥር ዓመት ሳይጠበቅ ከዋጋ ንረቱ ጋር በየጊዜው እንዲስተካከል ትሠራለህን? የሚወሰደው ብድር መጠኑ፣ ወለዱና የሚውልበት ሥራ ለሕዝብ እንዲገለጥ ታደርጋለህን? ሸክሙ ሲከብድ ቁጠባው ከሕዝቡ ማዕድ በፊት ከመንግሥት ቢሮ እንዲጀምር ትሟገታለህን? ለእነዚህ መልስ የሌለው እጩ ድምፃችን አይገባውም፤ መልስ የሰጠውን ደግሞ ከምርጫው በኋላ በቃሉ እንያዘው። ከመራጩ ዝምታ የሚጠቀም ቢኖር ሒሳቡን ለማስረዳት የማይፈልግ ባለሥልጣን ብቻ ነው፤ ዕዳው ግን ዝም ላለውም ለልጆቹም ይደርሳል።