ጸጉሬ ሸሸ፤ እጮኛዬም ትሸሸኝ ይሆን?

ከሾላ ገበያ አካባቢ የጻፍክልኝ የ26 ዓመቱ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ገብቶኛል። ከገበያው የገዛኸው የጉሎ ዘይት ለምን እንዳልፈየደህ ልንገርህ። ግንባርህን ወደ ኋላ የሚያሸሸው ዲኤችቲ የተባለ የወንድ ሆርሞን ነው፤ የጸጉርህን ሥር እያቀጨጨ ያሳሳዋል። ጣጣው የዘር ነው፤ ከአባትም ከእናትም ወገን ይመጣል። ኮፍያ አያመጣውም፣ ቅባትም አይመልሰውም።

የሚያግዙ መድኃኒቶች ግን አሉ፤ የሚቀባው ሚኖክሲዲልና የሚዋጠው ፊናስተራይድ። ለውጡ ወራት ይፈጃል፤ ካቋረጥክ የዳነውም ጸጉር ይረግፋል። ፊናስተራይድ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ስሜት ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም እንዳትሞክረው። የተመለጠው በክብ በክብ ከሆነ ደግሞ ላሽ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ስለ እጮኛህ እኔን ከምትጠይቅ ኮፍያህን አውልቀህ እሷን ጠይቃት። መቼም ጸጉርህን ቆጥራ አልወደደችህም!