ኦክስጅኑስ አለ፤ ተሸካሚው የታለ?

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ከገባ ወዲህ ኦክስጅን የሆስፒታል ቃል መሆኑ ቀርቶ የየቤቱ ወሬ ሆኗል። ሲሊንደር ፍለጋ ሌሊቱን ከተማ ሲዞር ያደረ ሰው፣ ጣት ላይ የምትቆነጥጠውን ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ በየሰፈሩ አለ። አስታማሚዎችም ተምረዋል። የሕሙማን ክፍል ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሲስተር፣ ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስሰማውም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የማደንዘዣ ባለሙያ ሆኜ በቀዶ ሕክምና ክፍል በኖርኩባቸው ዓመታት በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ከተቀበልኳቸው እናቶች ብዙዎቹ ሳንባቸው ደኅና፣ አየሩም የተትረፈረፈ ነበር። የጎደላቸው ኦክስጅኑን ተሸክሞ የሚያደርስ ደም ነው። ስለ ኦክስጅን ይህን ያህል ስንጨነቅ ስለ ተሸካሚው አለመጨነቃችን እናቶችን እያስከፈለን ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በሳንባ በኩል የገባው ኦክስጅን በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው፤ በ1 ሊትር ደም ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ። ምንም ሳይሠራ ጋደም ያለ ጎልማሳ ግን በየደቂቃው 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ታጭቆ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነው። አንዱ ሄሞግሎቢን አራት የብረት አቶሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ብረት አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይይዛል። በአንድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ደግሞ 270 ሚሊዮን ያህል ሄሞግሎቢን አለ። በቁጥር ስናሰላው፣ 1 ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሸከማል። በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 15 ግራም ያለው ጤነኛ ሰው በእያንዳንዱ ሊትር ደም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ያጓጉዛል ማለት ነው። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ስለምትረጭ በየደቂቃው 1 ሊትር ኦክስጅን ለሰውነት ይደርሳል። ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ነው። ሮጠን የማንወድቀው፣ ታመን የምንቋቋመው በዚህ ትርፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሄሞግሎቢን አሰጣጥ ነው። አጥብቆ መያዝ ብቻ ቢችል ኖሮ ኦክስጅኑን ከሳንባ ተቀብሎ መልሶ ሳንባ ያደርሰው ነበር፤ ለማንም አይጠቅምም። እሱ ግን ሳንባ ሲደርስ አጥብቆ ይይዛል፤ የሚሠራ ጡንቻ ዘንድ ሲደርስ ይለቃል። የሚሠራ ጡንቻ ይሞቃል፣ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል፤ የሄሞግሎቢንን ጭብጥ የሚያላሉት እነዚሁ ናቸው። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦር የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሚና ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ኦስትሪያ ተወልዶ ካምብሪጅ የሠራው ማክስ ፔሩትዝ ደግሞ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1937 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ደክሞበታል፤ በ1962 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አንዱ ብረት ኦክስጅን ሲይዝ የሞለኪውሉ ቅርጽ ስለሚለወጥ የቀሩት ለመያዝ ይቀላቸዋል። በማህፀን ያለ ልጅ ሄሞግሎቢን ከእናቱ የተለየ ነው፤ ከእናትየው ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ደም ላይ ኦክስጅኑን ይቀበላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በየሰውነታችን ውስጥ እየሠራ ሳለ ብረት አጥቶ ሲቆም ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል።

አሁን ወደዚያች ጣት ላይ ወደምትቆነጥጠው መሣሪያ እንመለስ። መሠረቱን የጣለው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። መሣሪያዋ ቀይና ዓይን የማያየው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፋ ካለው ሄሞግሎቢን ስንቱ በመቶ ኦክስጅን እንደያዘ ትናገራለች፤ «ሳቹሬሽን» የሚባለው ይኸው ነው። ሄሞግሎቢኑ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ግን አትናገርም። ከመገናኛ የሚነሱት ታክሲዎች ሁሉ ወንበራቸው ሞልቷል ቢባል፣ ስንት ታክሲ እንደተነሣ አልተነገረንም፤ ሁለት ታክሲ ብቻ ኖሮ ሁለቱም ሞልተው ሊሆን ይችላል። ደሟ ያለቀባት እናት ጣት ላይ 98 የሚታየው ለዚህ ነው።

አንድ ምሽት ከገጠር ቀበሌ በአምቡላንስ የመጣች እናት ተቀበልን። ጤና ጣቢያ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏት ነው። መውለጃዋ በደረሰ እናት ወደ ማህፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ይፈስሳል፤ ማህፀኑ ከወሊድ በኋላ ካልተኮማተረ የሰው ደም ለማለቅ ሰዓታት አይፈጅበትም። ዓይኗን ገለጥ አድርጌ የታችኛውን ሽፋን ሳይ ነጭ ወረቀት ነው። መዳፏን ዘርግቼ አየሁት፤ መስመሮቹ ሳይቀሩ ገርጥተዋል። የልብ ምቷ 148። ሄሞግሎቢኗ 4። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስናሻግራት አልጋውን እየገፋ የተከተለን ታናሽ ወንድሟ ስክሪኑን አይቶ፣ «ሲስተር፣ 98 ነው እኮ የሚለው። ተመስገን ነው፣ አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? በ4 ግራም ሄሞግሎቢን ያ የሞላ 98 በመቶ በአንድ ሊትር ደም 53 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ልቧ በመደበኛው መጠን ብትረጭ ኖሮ የሚደርሳት ኦክስጅን ተኝታ ከሚያስፈልጋት እምብዛም አይበልጥም፤ ሰውነት ደግሞ ከደም ላይ ያለውን ኦክስጅን አሟጦ መውሰድ አይችልም። ልቧ በዚያ ፍጥነት የምትሮጠው የጎደለውን በሩጫ ልትሞላ ነው።

ከንፈሯም አልጠቆረም። ብዙ ሰው፣ ጀማሪ ባለሙያዎችም ጭምር፣ ኦክስጅን ያጠረው ሰው ከንፈሩ ይጠቁራል ብለው ይጠብቃሉ። ያ ጥቁረት ለዓይን እንዲታይ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ግራም ገደማ ኦክስጅን የተራቆተ ሄሞግሎቢን ያስፈልጋል። ጠቅላላው 4 ግራም የሆነባት እናት ሰውነቷ በኦክስጅን ረኀብ እያለቀ እንኳ አትጠቁርም፤ ትገረጣለች እንጂ።

ኦክስጅን በጭንብል ሰጠናት፤ መስጠትም ይገባ ነበር። ነገር ግን የሞሉትን ታክሲዎች ደግሞ መሙላት አይቻልም። ያዳናት ከማቀዝቀዣው የወጣው ደም ነው። ከረጢቱ ላይ የደም ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና ቀን እንጂ የለጋሽ ስም የለበትም። ደሙ ገባ፣ የማህፀኑንም መድማት ሐኪሞቹ ተቆጣጠሩት። የመጀመሪያው ከረጢት አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ ምቷ ወደ 110 ወረደ፤ መዳፏ ላይ ቀላ ያለ ነገር መታየት ጀመረ፤ ውኃ ጠየቀች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ስትገባም 98፣ ስትድንም 98 ነበር።

ከሁሉ የቆጨኝ የክትትል ካርዷን ሳገላብጥ ያየሁት ነው። ክብደቷ ተጽፏል፣ የደም ግፊቷ ተጽፏል፣ የሄሞግሎቢኑ መስመር ባዶ ነው። 12 ይዛ ምጥ የገባች እናትና 8 ይዛ የገባች እናት እኩል ደም ቢፈስሳቸው ዕጣቸው እኩል አይሆንም። በእርግዝና ጊዜ ከ11 በታች የደም ማነስ ነው፤ ከ7 በታች ከሆነ ብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ 17 በመቶ ነበር። ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከግማሽ በላይ። በመጨረሻ እርግዝናቸው የብረት እንክብል የወሰዱት እናቶች ደግሞ ግማሽ አይሞሉም።

እርግዝና በጠቅላላው 1 ግራም ያህል ብረት ይጠይቃል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ከምግብ ብቻ ለማግኘት ብዙዎቻችን አንችልም፤ በቆላው አካባቢ ወባና መንጠቆ ትልም ሲጨመሩበት ደግሞ የባሰ ነው። እንክብሉ ለዚህ ነው። የሚተዉት እናቶች ምክንያት አላቸው፤ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራን ያጠቁራል። ሰገራው ስለጠቆረ የደነገጠች እናት «ምንም አይደለም፣ ብረቱ ነው» የሚላት ሰው ካላገኘች ከነገ ጀምሮ አትውጠውም። ይህን ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እንክብሉን በቡናና በሻይ የምትውጥ ካለች ደግሞ ብረቱ አንጀቷ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ቡናው ይቆይ፣ እንክብሉ በውኃ፣ ቢቻል ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ይወሰድ። ቀይ ሥርም ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። መብላቱ መልካም ነው፣ እንክብሉን ግን አይተካም።

ደገኛው ደሙ ጠንካራ ነው የሚል ወሬም እሰማለሁ። እውነቱ ከወሬው ይበልጥ ይገርማል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎቻችን ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ ካለ ሰው የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ ኦክስጅን ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሳሳበት አየር ውስጥ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የእኛዎቹ አላለም። የሚያኮራ ሥጦታ ነው። ግን የሚያስከትለውንም እናስብ፤ ደባርቅ ላይ የምትወልድ እናት ደሟ ውስጥ የተጠራቀመ ትርፍ ሄሞግሎቢን የላትም።

ሆስፒታሎቻችን ኦክስጅን ማምረቻ ሲተከልላቸው ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ይተከል፤ ያስፈልገናል። እኔ የምጠይቀው በዚያው ትጋት እርጉዝ ሴት በሄደችበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሄሞግሎቢን መለኪያ እንዲኖርና እንዲሠራ ነው። ከጣት የምትወጣ አንዲት ጠብታ ደም ናት፤ መልሱ ወዲያው ይታወቃል። መሣሪያው ኖሮ መለኪያ ወረቀቱ ያለቀበትን ጤና ጣቢያ አውቃለሁና «መሣሪያ ተሰራጭቷል» የሚል ሪፖርት አይበቃኝም።

ደምም ቀድሞ ተሰጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ መጠበቅ አለበት። በር ላይ የቆመን ባል «ምትክ ደም አምጣ» ማለት ሚስቱ እየደማች ሳለ ሰው ፍለጋ መላክ ነው። እሱ የሚያመጣው ሰው ደም ተመርምሮ እስኪያልፍ እሷን አይደርስላትም። ያን ምሽት ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረውን ደም የሰጡት በዚያ ወር በዘመቻ የለገሱ ተማሪዎች ናቸው። ሙሉ ደም የሚቆየው 35 ቀን ነው፤ ያለፈው ዓመት ልግስና ለዘንድሮ አይሆንም።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልገሳው ይቀንሳል፤ ወሊዱ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤነኞች የሆናችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ደም ባንክ ሂዱ። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም፣ ፈሳሹን ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፣ ከሦስት ወር በኋላም እንደገና መስጠት ይቻላል። ከመውሰዳቸው በፊት የእናንተንም ሄሞግሎቢን በነፃ ይለኩላችኋል። እርጉዝ ሚስት፣ እኅት ወይም ልጅ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ «ሄሞግሎቢንሽ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀች ካርዷን አብራችሁ እዩ፤ መስመሩ ባዶ ከሆነ በሚቀጥለው የክትትል ቀን አብራችኋት ሂዱና እንዲለኩላት ጠይቁ።